ሮጦ የጨረሰውን ማን ይጦረው?



በቋንቋችን «ጡረታ» የሚለው ቃል የተገኘው «መጦር» ከሚለው ነው። አንድ ሰው ጡረታ ወጣ ስንል ሥራ አቆመ ማለታችን ብቻ አይደለም። ጉልበት በነበረው ጊዜ ያገለገለ፣ ጉልበቱ ሲደክም የሚጦረው አለው ማለታችንም ነው። አረጋውያኖቻችን ከድህነት ይልቅ ጧሪ ቀባሪ ማጣትን አብዝተው የሚፈሩት ለዚህ ነው። በዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ከዚሁ ቃል የሚነሣ ነው፦ መጦር ሰው ላይ ያበቃል ወይስ ያገለገሉንን እንስሳትም ይጨምራል?

ጥያቄው ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እያለ ስለ ውሻ ምን አስወራችሁ የሚል ወላጅ አይጠፋም። ለዚህ ተገቢ ጥያቄ ወደ በኋላ መልስ እንሰጣለን። አስቀድመን ግን ስለ አንድ ሯጭ እንንገራችሁ።

ግሬይሃውንድ የሚባለውን የውሻ ዝርያ ብዙዎቻችን የምናውቀው በሥዕልና በፊልም ነው። ወገቡ ቀጭን፣ ደረቱ ጥልቅ፣ እግሩ ረጅም ነው። በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በኤመሪቪል ከተማ፣ ኦወን ስሚዝ የተባለ ሰው በመካኒክ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ጥንቸል የሚያሳድዱ ውሾች የሚሮጡበት ሜዳ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1926 ይኸው ውድድር በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ጀመረ። ከዚያም ወደ አየርላንድና ወደ አውስትራሊያ፣ እንዲሁም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ሰዎች ገንዘብ ያሲዛሉ፤ ውሾቹ ይሮጣሉ፤ አንዱ ያሸንፋል።

አሁን ሒሳቡን ልብ በሉልን። ይህ ውሻ ውድድር የሚጀምረው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ከተጎዳም ከዚያ በፊት፣ ከሜዳ ይወጣል። ዕድሜው ግን ከ10 እስከ 14 ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ የሚበልጠው የሕይወቱ ክፍል ከሩጫው በኋላ ያለው ነው። ያ የሚበልጠው ክፍል ለረጅም ጊዜ ባለቤት አልነበረውም። ማሸነፍ ያቆመ ውሻ ቀለብ እንጂ ገቢ የሌለው ተብሎ ብዙው ይገደል ነበር። በእንግሊዝ አገር እነዚህን ውሾች ለቤተሰብ የሚያስረክብ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የማካው የውሻ መሮጫ ሜዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ሲዘጋ ደግሞ ከ500 በላይ ውሾች በግቢው ውስጥ ቀርተው ነበር። ለእነርሱ ቤት ለመፈለግ ባሕር ማቋረጥ አስፈልጓል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ሕዝብ በድምፁ ወስኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ውድድሩ በግዛቲቱ እንዲያበቃ አድርጓል።

ስለ ሩጫው ክርክር ብዙ ተጽፏል። እኛን እንደ መምህራን የሳበን ግን ውሻው ወደ ሰው ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነው ነው።

ይህ እንስሳ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል፤ ደረጃ መውጣት ግን አይችልም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያደገው ከመሰሎቹ ጋር በማደሪያ ውስጥ ስለሆነ ደረጃ አይቶ አያውቅም። የመስታወት በር ክፍት መስሎት በፊቱ ይጋጨዋል። በመስታወት ውስጥ የሚያየውን የራሱን መልክ ሌላ ውሻ ነው ብሎ ይደነግጣል። የተወለወለ ወለል ያንሸራትተዋል፤ የቴሌቪዥን ድምፅ ያስፈራዋል። ኳስ ብትወረውሩለት ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ብቻውን አድሮ ስለማያውቅ ሰው ከቤት ሲወጣ ይጨነቃል። አንዳንዱ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ልጅ በድንገት ሲነካው ደንግጦ ሊነክስ ይችላል። ጥንቸል እንዲያሳድድ የተራባና የሠለጠነ በመሆኑ ሮጣ የምታልፍ ድመት ስታይ የሩጫው ልማድ ይነሣበታል። ስለዚህ ከታጠረ ቦታ ውጭ ከማሰሪያው አይፈታም።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ሥራቸው ከመምህር ሥራ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንግዳ አይጠሩም፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ እንዲደባብሰው አይፈቅዱም። አንድ ጸጥ ያለ ጥግና ለስላሳ መኝታ ይሰጡታል፤ ሥጋውና ጸጉሩ ስስ ስለሆነ ጠንካራ ወለል ይጎዳዋል፣ ብርድም አይችልም። ምግቡን በተመሳሳይ ሰዓት ይሰጡታል። በማሰሪያ ይዘው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያሳዩታል። የመስታወቱን በር እንዲለየው ወረቀት ይለጥፉበታል። ደረጃውን እግሩን እየያዙ አንድ እርከን ያስወጡታል፤ ሌላ ቀን ሁለት። ብቻውን መሆንን ሲያስተምሩት ለአንድ ደቂቃ ወጥተው ይመለሳሉ፤ ቀጥሎ ለአምስት፤ ቀጥሎ ለግማሽ ሰዓት። ልጆቻቸውን ደግሞ የተኛን ውሻ በሩቅ በስሙ ጠርታችሁ ቀስቅሱ እንጂ አትንኩ ብለው ያስተምራሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ይህንኑ ነው።

ለውጡም በሳምንት አይታይም። አንዳንዱ በቀናት፣ አንዳንዱ በወራት ይለምዳል። ሲለምድ ግን ሰውን የሚያስገርም ነገር ይታያል። በፍጥነቱ ስሙ የተጠራው ሯጭ ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ የሚያሳልፍ፣ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ መጠነኛ የእግር ጉዞ የሚበቃው ጸጥተኛ የቤት እንስሳ ሆኖ ይገኛል። ሲሮጥ የኖረው ማረፍን ስላልተመኘ አልነበረም፤ የሚያርፍበት ቤት የሰጠው ስላልነበረ ነው።

ይህ የእንግሊዝ ታሪክ ሐርጌሳን ምን አገባት? በከተማችን የውሻ መሮጫ ሜዳ የለም። ነገር ግን ሁለት ተመሳሳይ ጉዳዮች በደጃችን አሉ። አንደኛው የአቦሸማኔ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የግቢ ውሾቻችን ጉዳይ ነው። ሁለቱ የሚጠይቁን ነገር ተቃራኒ ስለሆነ ለየብቻ እናየዋለን።

ሶማሌዎች «ሐረምዓድ» የሚሉት አቦሸማኔ በምድር ላይ ካሉ እንስሳት ሁሉ ፈጣኑ ነው። ለአጭር ርቀት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዓለም ላይ በዱር የቀሩት ሰባት ሺህ እንኳ እንደማይሞሉ ይገመታል። ግልገሎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሌላንድና ከአጎራባች አካባቢዎች ከእናታቸው እየተነጠቁ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጠው ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ማሳመሪያነት ይሸጣሉ። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተባለው ድርጅት በዚህ መንገድ በዓመት 300 ያህል ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ እንደሚወሰዱ ይገምታል። ድርጅቱን ዶክተር ሎሪ ማርከር የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1990 በናሚቢያ ነው። በእኛ አካባቢ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዙትን ግልገሎች ያሳድጋል። በፊት በከተማችን ውስጥ በነበሩ ማቆያ ግቢዎች፣ አሁን ደግሞ የሐርጌሳ ውኃ በሚመጣበት በጌድ ዴብሌ በተሠራው ሰፊ ማዕከል ይኖራሉ።

እነዚህ ግልገሎች ሲያዙ ብዙውን ጊዜ ውኃ የጠማቸው፣ የከሱ፣ አጥንታቸው የላላ ናቸው፤ አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ የበላ የአቦሸማኔ ግልገል እግሩ ይጎብጣል። እዚያም እንደ ግሬይሃውንዱ ጸጥታ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ ትንሽ ትንሽ ምግብና ብዙ ትዕግሥት ይደረግላቸዋል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ አደን ይማራል። ያ ትምህርት የቀረበት በሰው እጅ ያደገ ግልገል ወደ ዱር ቢመለስ ራሱን መመገብ ይቸግረዋል። እንግዲህ በብር የተገዛው ግልገል የገዢው ቤት ቤቱ አይሆንም፤ ዱሩም አይቀበለውም።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። የሕንዱ ንጉሥ አክባር አንድ ሺህ ያህል የአደን አቦሸማኔዎች እንደነበሩት ይነገራል። ልጁ ጃሃንጊር የመዘገበው ግን በቤተ መንግሥት አንድ ጊዜ ብቻ ግልገል መወለዱን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1937 ደግሞ ኬኔት ጋንዳር ዳወር የተባለ እንግሊዛዊ ከኬንያ አቦሸማኔዎች አምጥቶ ለንደን አጠገብ በሮምፎርድ የውሻ ሜዳ አሮጣቸው። ፍጥነታቸው ለውሾቹ የሚመጣጠን አልነበረም፤ ነገር ግን እርስ በርስ የመሽቀዳደም ፍላጎት አልነበራቸውም። ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ቀረ።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ አለ። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 15 ሺህ ዓመት ሆኖታል። ግሬይሃውንዱ የሮጠው ሰው እንዲሮጥ አድርጎ ስላራባው ነው፤ አቦሸማኔው የሚሮጠው ለራሱ እራት ነው። ለመጀመሪያው ያለብን ዕዳ ቤት መስጠት ነው። ለሁለተኛው ያለብን ዕዳ እናቱ ዘንድ መተው ነው። ፍቅር ሁሉ ወደ ቤት በማስገባት አይገለጥም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን፣ በስልክ ሥዕሉ የተላከላችሁ ወይም በጆንያ የቀረበላችሁ ግልገል ቢያሳዝናችሁም ገንዘብ እንዳትከፍሉበት አደራ እንላለን። አንዱን የገዛ ሌላም እንዲነጠቅ ያዝዛል። ደግሞም ወንጀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ አገር ፍርድ ቤት ግልገሎችን ሲያዘዋውሩ የተያዙ ሰዎች በእስራት ተቀጥተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ልጅ ለቤተሰቡና ለመምህሩ ይንገር፤ እኛም ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ። በጅግጅጋ የርም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች የሚኖሩ አንዳንድ ቤተሰቦቻችን የግቢ ውሻ አላቸው። የማኅበረሰባችንን ኑሮ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሉ ያለቀበት በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ጉዳዩ የተሳካለት ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል። ዕቃው ይሸጣል፣ ፍሪጁ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ልጆቹ መሸኛቸውን ከጽሕፈት ቤታችን ይወስዳሉ። ውሻው በሩ ላይ ይቀራል። ሌሊት ሌሊት እየነቃ አምስትና ስድስት ዓመት የጠበቀውን በር፣ ከዚያ ወዲያ በውጭ በኩል ሆኖ ያየዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ እርሱ ውለታውን ከፍሏል፣ እኛ ግን ሳንከፍል እንሄዳለን።

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት፣ ብዙ ቤተሰብ በሚነሣበት በዚህ ወቅት ይህን የምንጽፈው ለዚሁ ነው። የምንጠይቀውም ከባድ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ የሚሄድ ቤተሰብ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ለውሻው ተረካቢ ይፈልግ። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ የሚደረግ ፍለጋ ፍለጋ አይባልም።

ሁለተኛ፣ ውሻው ብቻውን አይሰጥ። የሚተኛበት ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮት ይሂድ፤ የለመደው ሽታ ያረጋጋዋል። ስሙ፣ የሚበላበት ሰዓት፣ የሚፈራው ነገር በወረቀት ይጻፍለት። የለመደው ቋንቋም ይነገር። «ና» ሲባል የሚመጣ ውሻ «ካላይ» ሲሉት ላይገባው ይችላል፤ ተረካቢው ባላመጣው ጥፋት እንዳይመታው ሁለቱን ቃል ለጥቂት ቀን አጣምሮ ይጥራው።

ሦስተኛ፣ ተረካቢው የመጀመሪያውን ሳምንት አይፈርድበት። አልበላም፣ አልጮኸም፣ ተደበቀ ብሎ «ይህ ውሻ የማይረባ ነው» አይበል። በር ዘግቶ በግቢ ውስጥ ያቆየው፤ የድሮ ቤቱን ፍለጋ እንዳይጠፋበት ወደ ውጭ የሚያወጣው በማሰሪያ ይሁን። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ከማሰር ግን ይጠንቀቅ፤ ሰንሰለት ውሻን ቤት አያስለምደውም፣ ቁጡ ያደርገዋል።

አራተኛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ያመለክታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚይዘው ከውሻ ነው። ማንኛውም ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይህን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

አምስተኛ፣ ጎረቤት ይከበር። እንግዶች ነን። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን በሃይማኖታቸው ሥርዓት መሠረት የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው ይጠነቀቃሉ፤ ስለዚህ ውሻችን ወደ መስጊድ በሚያስኬድ መንገድ ላይ መዋል የለበትም። ነገር ግን ይህን ጥንቃቄ እንደ ጥላቻ የሚያይ ሰው ተሳስቷል። በውኃ ጥም የሚያለከልክን ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ስላጠጣ ኃጢአቱ የተሰረየለት ሰው ታሪክ በነቢዩ ሐዲስ ውስጥ ያለ ነው፤ ሙስሊም ተማሪዎቻችን ያውቁታል። ክርስቲያን ተማሪዎቻችን ደግሞ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶችና በነብሮች ተከበው በሥዕል ያያሉ። በሁለቱም ወገን ለእንስሳ መራራት ከድክመት አይቆጠርም።

አሁን ወደ ወላጁ ጥያቄ እንመለስ። ሰው ተቸግሮ እያለ ስለ እንስሳ መናገር ተገቢ ነው? በእኛ እምነት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የትምህርት ጉዳይ ነው። ልጅ የሚማረው ከምንነግረው ይልቅ ከምናደርገው ነው። ያገለገለውን ውሻ በር ላይ ጥሎ የሚሄድ አባት፣ ልጁን ምንም ሳይናገር አንድ ትምህርት አስተምሮታል፦ የሚጠቅም ይያዛል፣ መጥቀም ያቆመ ይጣላል። ያንን ትምህርት ልጁ አድጎ በማን ላይ እንደሚሠራበት መገመት አያዳግትም። አንድ ሺህ ጊዜ «አባትህንና እናትህን ጡር» ከምንለው ይልቅ አንድ አሮጌ ውሻ ተረካቢ እስኪያገኝ ሲፈለግለት ማየቱ ልጁን የበለጠ ያስተምረዋል። ወጪውም ቢሆን ብዙ አይደለም፤ የሚያስፈልገው አስቀድሞ ማሰብና ጥቂት የስልክ ጥሪ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውን ከእንስሳ ጋር ማስተያየታችን እንዳልሆነ ተረዱልን፤ ነገር ግን ትዕግሥት የትም ቢለመድ አንድ ነው። በየዓመቱ በትምህርት አጋማሽ አዲስ ተማሪ ወደ ክፍላችን ይገባል። አንዱ ከጅግጅጋ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከወሎ ገጠር መጥቷል። ያለፈው ትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን ለሳምንታት አፉን አይከፍትም። በቤቱ የተጨነቀ እንስሳን ጥግ ሰጥቶ፣ ሳይቸኩል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ምግቡን እያቀረበ ያለማመደ ልጅ፣ ዝም ላለው የክፍል ጓደኛው አጠገብ መቀመጥን ያውቅበታል። «ለምን አትናገርም?» ብሎ አያስጨንቀውም። በዕረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ያሳየዋል፤ በማግስቱም እንደገና «ደኅና አደርክ?» ይለዋል።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮና የአካባቢ ክፍለ ጊዜ አንድ መዝገብ እንዲከፍት ሐሳብ እናቀርባለን። የሚሄድ ቤተሰብ ውሻ ወይም ድመት ካለው ይመዘገባል፤ ውሻ የሚፈልግ ቤተሰብም ይመዘገባል። ሁለቱን የሚያገናኙት፣ የክትባቱን ወረቀት የሚያዩት፣ ከአንድ ወር በኋላ ሄደው «ለመደ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋር ይሆናሉ። ወላጆች በዚህ ላይ አስተያየታችሁን በወላጆች ስብሰባ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። ሐሳቡን የሚቃወም ካለ እርሱንም በደስታ እንሰማለን።

ለምትመረቁትና ወደ ሌላ አገር ለምትሄዱት ተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። እናንተም በምትደርሱበት ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ደረጃው የማይታወቅ፣ መስታወቱ በር የሚመስል ቤት ይገጥማችኋል። ታግሦ የሚያለማምድ ሰው ይስጣችሁ። ከለመዳችሁ በኋላም ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማምዱ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ። ቸር ያገናኘን።